እኛ አናስልም፤ ሙሉውን ተጫወቱልን

ሰርጌይ ራህማኒኖፍ ሁለተኛውን የፒያኖ ሶናታ ሁለት ጊዜ ጽፎታል ማለት ይቻላል። በ1913 የጨረሰው ሲጫወቱት 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ1931 ወደ 120 የሚጠጉ ሜዠሮችን ቆርጦ፣ የቀረውንም አቅልሎ ያወጣው ግን 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለመቅረጽ የሚነሳ ፒያኒስት ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ፣ ካልሆነም ከሁለቱም እየቆነጠረ የራሱን ሦስተኛ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

የእኔ አቋም አጭር ነው። አዳራሽ ውስጥ ያሻቸውን ይጫወቱ። ለቀረጻ ግን የሚገባን የ1913ቱ ነው። ራህማኒኖፍ ሶናታውን እንዲቆርጥ ያደረገው ምክንያት አዳራሽ ውስጥ የሚኖር ምክንያት ነውና፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥን ሰው አይመለከተውም።

ይህን የምለው ሙዚቃ ተምሬ አይደለም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ፤ ሙያዬም መንገድና ድልድይ ነው። ሞስኮ ግን ለተማሪ ኪስ የማይከብዱ ሁለት ነገሮች ነበሯት፤ ሸክላና የኮንሰርት ትኬት። ሸክላውን ካሊኒን ጎዳና ላይ ከነበረው የሜሎዲያ መደብር እንገዛ ነበር። ርካሹ ትኬት ደግሞ የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ታላቁ አዳራሽ ላይኛው ሰገነት ላይ ያስቀምጠን ነበር። ግድግዳው ላይ የታላላቆቹ የሙዚቃ ደራስያን ምስሎች ተደርድረው ወደ ታች ያያሉ። ከሥራቸው ግን ሳል ነው። ብርዱ በጸናበት ወቅት በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መካከል ያለችውን ፋታ ያ ሁሉ ሕዝብ ለሳል ይጠቀምባታል። ጉሮሮውን የሚጠርግ አለ፤ የከረሜላ ወረቀት ቀስ አድርጌ እፈታለሁ ብሎ ይብስ የሚያንኮሻኩሽ አለ፤ መሐረብ አፉ ላይ ጭኖ ፊቱ እስኪቀላ የሚታገል አለ። ተጫዋቹ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አንዳንዱ ይታገሳል፤ አንዳንዱ ሳሉ ሳያባራ ይጀምራል። ከሰገነት ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየው፣ ያ ሰው በዚያች ቅጽበት ምን እያሰበ እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ «ረዘመባቸው እንዴ?» ነው የሚለው።

ራህማኒኖፍም ይህንኑ ያስብ ነበር። ግምት አይደለም፤ ራሱ ጽፎታል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ሶናታውን የጀመረው በ1913 መጀመሪያ ላይ ሮም ውስጥ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ለሥራ የሚሆን ጸጥታ ፍለጋ ሄዶ ሳለ ሁለቱ ሴት ልጆቹ በታይፎይድ ታመሙበት፤ ለሕክምና ወደ በርሊን ወሰዳቸው፤ ከዚያም ታምቦቭ አካባቢ ወዳለው ኢቫኖቭካ ርስቱ ተመልሶ እዚያ ጨረሰው። በዚያው ወቅት «ደወሎቹ» የተባለውን ለመዘምራን፣ ለብቸኛ ድምፃውያንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ትልቅ ሥራም ይዞ ነበር። የሥራ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ ደወሎቹ 35፣ ሶናታው 36። መታሰቢያነቱን የሰጠው ለማትቬይ ፕረስማን ነው፤ ልጆች ሳሉ ኒኮላይ ዝቬሬቭ የተባለ ኃይለኛ መምህር ቤት አብረው እያደሩ ፒያኖ የተማሩ ናቸው። ያን ጊዜ ራህማኒኖፍ አርባ ዓመቱ ነው። አገር አለው፣ ርስት አለው፣ ጊዜ አለው። ከሁሉ በፊት ራሱን የሚቆጥረው ሙዚቃ ደራሲ አድርጎ ነው።

በ1931 እነዚህ ሁሉ የሉም። በ1917 መጨረሻ ከአብዮቱ ሸሽቶ ወጥቷል፤ ኢቫኖቭካም ከእጁ ወጥታለች። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ከገባ ጀምሮ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በአሥር ጣቱ ነው። የኮንሰርት ወቅት በመጣ ቁጥር ባቡር፣ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ እንደገና ባቡር። ከሩሲያ ከወጣ በኋላ እስኪሞት ባሉት 25 ዓመታት የሥራ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣቸው አዳዲስ ሥራዎች ስድስት ብቻ ናቸው። ደራሲው በተጫዋቹ ተውጧል። ተጫዋች ደግሞ በየምሽቱ ታዳሚ ይፈርድበታል።

እዚያው 1931 ላይ የጻፋቸው የኮሬሊ ቫሪየሽኖች የሚባሉ አሉ፤ ሃያ ናቸው። ለወዳጁ ለኒኮላይ ሜትነር በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህን በየከተማው ሲጫወት አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉውን እንዳልተጫወተ ይናገራል። መመሪያው የታዳሚው ሳል ነው፤ ሳሉ ሲበረታ የሚቀጥለውን ይዘላል፤ ሲቀንስ በተራው ይጫወታል። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሳሉ ከመጠን አልፎ አሥሩን ብቻ ተጫውቶ ወርዷል። በዓለም ከሚታወቁት ፒያኒስቶች ሁሉ ፊት የሚቆም ሰው፣ የራሱን ድርሰት በሰው ጉሮሮ እየለካ ይቆርጣል። ሶናታውን ያሳጠረውም በዚሁ ዓመት ነው።

ልማዱ እዚህ ብቻ አያበቃም። አራተኛውን ኮንሰርቶ በ1926 ጨርሶ በ1928 ቆረጠው፤ በ1941 እንደገና ቆረጠው። ሦስተኛውን ኮንሰርቶ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀርጽ ከራሱ ድርሰት ውስጥ ገጾችን ዘሎ አለፈ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የተሻለ ሐሳብ የመጣለትን ሰው አይመስለኝም። እንዳይሰለቹት የሚፈራ ሰው ነው የሚታየኝ።

ለዚህ መልስ አለን የሚሉ ሰዎች አልፍሬድ ስዋንን ይጠቅሳሉ። ራህማኒኖፍ ለዚህ ወዳጁ የቀድሞ ሥራዎቹ ውስጥ ትርፍ ነገር እንደበዛ፣ በዚህ ሶናታም ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ እንደሚራወጡና እንደረዘመ፣ የሾፓን ሶናታ ግን በ19 ደቂቃ ሁሉን ተናግሮ እንደሚጨርስ ነግሮታል። ሾፓንን ያነሳው በከንቱ አይደለም። የሾፓን ሁለተኛ ሶናታና የእሱ ሁለተኛ ሶናታ ሁለቱም በቢ ፍላት ማይነር የተጻፉ ናቸው፤ የሾፓኑን ደግሞ በ1930 ራሱ ቀርጾታል። ያን ቀረጻ ዛሬም ማግኘት ይቻላል፤ ማንም ይስማው። ታዋቂውን የቀብር ማርሽ ሲጫወት ሾፓን በኖታው ያዘዘውን አይከተልም። ከመካከለኛው ለስላሳ ዜማ በኋላ ማርሹ ሲመለስ በሙሉ ኃይሉ ያፈነዳውና ቀስ በቀስ እያራቀው ይሄዳል፤ ፒያኒስቱ አንቶን ሩቢንስታይን ያስለመደው አጨዋወት ነው። ይህን ያደረገ ሰው የደራሲ ትእዛዝ የማይነካ ሕግ ነው ብሎ ሊያስተምረን አይችልም። የሾፓንን ማርሽ እንደገባው ተጫወተ፤ እኛም የእሱን 1931 እንደገባን ብንመዝነው አይቀየመንም።

ደግሞስ 19 ደቂቃ ለማን ነው የተለካው? ራህማኒኖፍ ሾፓንን በቀረጸበት ዘመን የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ተኩል ብዙም አያልፍም ነበር። አድማጩ ሙዚቃው መሐል ተነስቶ ሸክላ መገልበጥ ነበረበት። ዛሬ የሚገለበጥ ነገር የለም። ቤቴ ውስጥ መብራት ካልጠፋ በቀር ሶናታውን የሚያቋርጠው የለም። የሚያስል ጎረቤት አጠገቤ የለም፤ ሁለተኛው ክፍል ከከበደኝ ወደ ኋላ መልሼ እሰማዋለሁ። የ1931ዱ መቀስ የተሳለበት ችግር በሙሉ ተወግዷል። መቀሱ ግን አሁንም ይሠራል።

የተቆረጠው ምን እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላሳይ። ሶናታው የሚጀምረው ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ በሚወርድ የኖታ ጎርፍ ነው፤ መጨረሻው ከፒያኖው ግራ ጥግ የሚመታ ከባድ ድምፅ ነው። ወዲያው በግማሽ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ የሚወርድ ዜማ ይከተላል። ይህ የሚወርድ መስመር የሶናታው ዘር ነው፤ በሦስቱም ክፍሎች ውስጥ መልኩን እየለወጠ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል መሐል አልፎ የመነሻው ዜማ ሊመለስ ሲቃረብ ያ መስመር ኮርድ ይሆናል፤ ኮርዱ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች እየተደራረበ ይወርዳል፤ አንዱ ሳይበርድ ሌላው ይመታል። በዚያው ወቅት «ደወሎቹ»ን የጻፈው እጅ ነው ይህንንም የጻፈው። በ1913ቱ እትም ድምፁ እየተከማቸ፣ እየጠነከረ፣ ጆሮ «አሁንስ ይበቃል» እስኪል ድረስ ይቆያል። የመነሻው ዜማ ሲመለስ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ ተከፍሎበታል። በ1931ዱ ይህ ቦታ ከነመንገዱ ቀሎና አጥሮ ነው የሚገኘው። ደወሉ አለ፤ ግን ሰው ቆሞ የሚሰማበት ጊዜ የለም። ዜማው ሲመለስ ትሰማላችሁ እንጂ አትደነግጡም። ትርፍ የተባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለ1931ዱ የሚገባውን ልስጥ። ሦስተኛው ክፍል ሲያጥር ተጠቅሟል፤ በ1913ቱ ከድሉ በፊት ትንሽ ይንከራተታል፣ በ1931ዱ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያሉ ገጾች ላይም የግራ እጅ ሸክም ሲቀንስ ውስጥ ውስጡን የሚሄደው ዜማ ጠርቶ ይሰማል። ለፒያኖ ውድድር የሚቀርብ ወጣትም የተሰጠችው ደቂቃ የተቆጠረች ናትና አጭሩን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ግን ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ያን የደወል ቦታ አያነሱትም።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ። የቭላድሚር ሆሮዊትዝን ስም ሳይጠሩ ስለዚህ ሶናታ መናገር አይቻልም። ኪየቭ የተወለደ፣ በ1925 ከሶቪየት ኅብረት የወጣ፣ በ1928 ኒው ዮርክ ውስጥ ከራህማኒኖፍ ጋር ተገናኝቶ እስከ መጨረሻው የተወዳጀ ሰው ነው። በ1940 ሁለቱን እትሞች ቀላቅሎ የራሱን አዘጋጀ፤ ራህማኒኖፍም ፈቀደለት። ይህች ፈቃድ ብዙ ነገር ትናገራለች። የ1931ዱ የደራሲው የመጨረሻ ቃል ነው ለሚሉ ሰዎች መልሷ እሷ ናት። ደራሲው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የቆረጠው ተመልሶ እንዲገባ ከፈቀደ፣ በመቁረጡ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበረም ማለት ነው። በ1943 ሲሞት ጉዳዩን ክፍት ትቶት ነው የሄደው። በራሱ እጅ እንኳ ይህን ሶናታ በየትኛውም መልኩ ቀርጾ አልተወልንም።

ሆሮዊትዝ ሶናታውን በ1968ና በ1980 ታዳሚ ፊት ተጫውቶ ሁለቱም ወጥተዋል። የ1980ው ያስፈራል። የግራ እጁ ታችኛዎቹን ቁልፎች ሲመታ ድምፁ ጥርስ አለው፤ ከዚያ ነጎድጓድ መሐል አንዲት ውስጣዊ ዜማ በአንድ ጣት መዝዞ ያወጣና ሌላው ሁሉ እየጮኸ እሷን ብቻ ያሰማችኋል። እንዴት እንዳደረገው ዛሬም አላውቅም። የተቀላቀለ ነው ብዬ አልነቅፈውም። ሁለት ምክንያት አለኝ፤ ፈቃዱን ከደራሲው አፍ ተቀብሏል፣ ደግሞም ፊቱ የተቀመጠ ታዳሚ ነበረው። የሆሮዊትዝ ቅልቅል የሆሮዊትዝ ነው።

ችግሩ ከእሱ በኋላ የመጣው ነው። ፈቃዱ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ሳለ ሁሉም ወራሽ ነኝ ብሎ ተነሳ። ዛሬ ከ1913ቱ መጀመሪያ፣ ከ1931ዱ መጨረሻ፣ መሐሉን ከሆሮዊትዝ እያለ የሚቀላቅለው ብዙ ነው። ፒያኒስቷ ኤሌን ግሪሞ ሶናታውን መጀመሪያ የቀረጸችው የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ከሾፓኑ ሶናታ ጎን አድርጋ ለዶይቸ ግራሞፎን ስትቀርጸው ከሁለቱ እትሞች የራሷን አዋቅራ ነው። አጨዋወቷ ሞቅ ያለ፣ አእምሮ ያለበት ነው፤ ሁለቱን የቢ ፍላት ማይነር ሶናታዎች ጎን ለጎን ማስቀመጧም ብልህነት ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የሚያስል ሰው በሌለበት ቀረጻ ላይ ማንን ፈርታ ነው የቀነሰችው?

በሌላ በኩል ቫን ክላይበርን አለ። በ1958 የመጀመሪያውን የቻይኮቭስኪ ውድድር ሞስኮ ላይ አሸንፎ ሁለቱን ኃያላን አገሮች ያስደነቀ የቴክሳስ ልጅ ነው። በ1960 ወደ ሞስኮ ተመልሶ ይህን ሶናታ ሲጫወት በአብዛኛው የያዘው የ1913ቱን ነው። ቀረጻው አለ። አይቸኩልም። የመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ ዜማ ላይ ሲደርስ ሰው እንደሚዘፍን ትንፋሽ ይወስዳል፤ ደወሎቹ ጋ ደግሞ ድምፁን ያሰፋዋል እንጂ አያስጮኸውም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ራህማኒኖፍ ይፈራው የነበረው ዓይነት ታዳሚ ፊቱ ተቀምጦ ረጅሙን እትም በጸጥታ ሰማው። አሜሪካዊው ልጅ ሩሲያዊውን ደራሲ ከራሱ ፍርሃት በላይ አመነው።

ሌላው ሃንጋሪያዊው ፒያኒስት ዞልታን ኮቺስ ነው። እሱ የ1913ቱን ይዞ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይሄዳል። አንዲት ኖታ አትድበሰበስም፤ ያ ሁሉ ድምፅ ይራወጣል የተባለው ጥቅጥቅ ገጽ በእሱ እጅ እያንዳንዱ መስመር ተለይቶ ይሰማል። ለስሜት ክላይበርንን እመርጣለሁ፤ ለክርክር ግን ኮቺስን ይዤ እቀርባለሁ። የ1913ቱ ረጅም ነው፣ የተጨናነቀ ነው የሚለውን ክስ እሱ ይዘጋዋል፤ ረጅም የመሰለው ፍጥነት ስላጣ፣ የተጨናነቀ የመሰለው ጣት ስላጠረው ነው።

አንድ የገበያ ነገርም አለ። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንድ ቀረጻ ድርጅት የወጣ ሲዲ አዝዤ ብዙ ብር አውጥቼ አስመጣሁ። ሽፋኑ ላይ የሶናታው ስም፣ ቁጥሩ፣ የፒያኒስቱ ፎቶ አለ። የትኛው እትም እንደሆነ አንድም ቃል የለም። ኖታ ከፊቴ ዘርግቼ ስከታተል የመጀመሪያው ክፍል የ1913ቱ ሆኖ ጀመረ፤ መሐል ላይ ወደ 1931ዱ ዘለለ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ የማንም ያልሆነ መሸጋገሪያ ገጠመኝ። ሰርገኛ ጤፍ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ማኛ ነው ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ። ፒያኒስቱ መቀላቀሉን ካመነበት ምኑን ከየት እንደወሰደ በሁለት መስመር ይጻፍልን። ይህን ያህል ለአድማጭ መንገር ማንንም አይጎዳም።

እርግጥ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው 25 ደቂቃ አንድ ሙዚቃ መስማት በራሱ ብዙ ነው። በስልክ የሚሰማ ትውልድ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ያልፋል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሠላሳ ሰከንድ የማይታገስ ሰው 19 ደቂቃውንም አይታገስም፤ ለእሱ ብሎ ስድስት ደቂቃ መቁረጥ ትርፍ የለውም። ይህን ሶናታ ፈልጎ የሚከፍት ሰው ለመስማት የተዘጋጀ ሰው ነው። እንደ ተዘጋጀ ሰው ሊያዝ ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይህን ነው። በክላይበርን ጀምር፤ ሙሉውን ከሞላ ጎደል ታውቀዋለህ። ቀጥሎ የ1931ዱን ከሚጫወቱት አንዱን ስማ፤ የጎደለውን ጆሮህ ራሱ ይፈልገዋል። ሆሮዊትዝን ከዚያ በኋላ አምጣው፤ ምን ከየት እንዳነሳ ስለምታውቅ ድፍረቱ በእጥፍ ይጥምሃል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ በአጭሩ ከጀመርክ ግን ረጅሙ የተለጠጠ ይመስልሃል፤ ብዙ ሰው በ1913ቱ ላይ የሚፈርደው በዚህ መንገድ መጥቶ ነው።

ለፒያኒስቶቹም የምለው ከዚህ አይርቅም። በቀጥታ ኮንሰርት ላይ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ አዳራሹን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቀረጻ ክፍል ስትገቡ ግን የ1913ቱን ኖታ ይዛችሁ ግቡ፤ የምትቀንሱትም ነገር ካለ የሚያስል ሰው በሌለበት ለምን እንደቀነሳችሁት ጽፋችሁ ንገሩን።